ጉለሌ ላይ ያረፉት ባልደራስ

ከአዲስ አበባ ከተመለስን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። በእነዚህ ሳምንታት ደብረ ሲና ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አባትሽ አዩት?» ይለኛል። «አዩት» እላለሁ። ከዚያ በላይ ያለው መንገድ ዳር ቆሞ የሚወራ ስላልሆነ፣ ከመነሻው ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው ብዬ ተቀመጥኩ። ጉለሌን አይታችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማታዩት ብዙ ስለሆናችሁ መንገዱንም፣ ያደርንበትንም ቤት፣ የበላነውንም እጽፋለሁ። ደስ የሚል ጉዞ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ግን ከአሁኑ ይተወው።

አባቴ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የተሰቀለ አንድ የመጽሔት ገጽ አለ። በመስተዋት ተከድኗል። ከደረቱ በላይ የሚታይ ጎፈሬያም ጎልማሳ ነው፤ ኩታ ለብሶ ዐይኖቹን ወደ ጎን ጣል አድርጓል። ይህ ሰው የአባቴ ምንጅላት፣ ባልደራስ ወልዴ ናቸው። ባልደራስ ማለት፣ ለማያውቅ፣ የቤተ መንግሥት ፈረሶች ሹም ማለት ነው። እንግሊዞች አንኮበር በመጡ ጊዜ አንዱ መልካቸውን በእጁ ሥሎ አገሩ ወስዶ አሳተመው። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ መንገድ ሊያጠና የመጣ ፈረንጅ መሐንዲስ ያ ሥዕል የወጣበትን ገጽ ከመጽሔት ቀዶ፣ አገር እያሳየው አብሮት ይዞር ለነበረው ለወጣቱ አባቴ ሰጠው። እኛ ቤት ሰርግም ሆነ ሽምግልና የሚጀመረው በባልደራስ ነው። እኔም ብሆን ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ ተማሪ ያስቸገረኝ ቀን የማን ዘር መሆኔን ሳልናገር ያለፍኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

አምና ሰላማዊት የምትባል የድሮ ተማሪዬ ደወለች። ጉለሌ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ አካባቢ ያለ አንድ አነስተኛ ቤተ መዘክር የሥዕሎች ጠባቂ አድርጎ ቀጥሯታል። «ቲቸር፣ እናንተ ቤት የተሰቀሉት ሰውዬ ዋናው ኅትመት እኛ ጋ አለ! አሁን ለሕዝብ እየታየ ነው፤ አባባን ይዘሻቸው ነይ» አለችኝ። አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላ አላቸው። ችግሩ ዐይናቸው ነበር። ግላኮማ ነው። ዳር ዳሩን እየበላ መጥቶ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያይ ሰው አድርጓቸዋል። «ሳይዘጋብኝ ፊታቸውን አንዴ ልያቸው» ማለት ያዙ። መንገዱ ደግሞ ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፣ ተዘጋ ሲባል ይከፈታል። እንዲህ ስንል ወራት ሄዱ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ዘግተን መንገዱም ደህና ነው ሲባል ተነሣን።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ተሳፈርን። አባቴ ሥዕሉን ከግድግዳ አውርደው፣ በጋቢ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠውታል። «ለምን ይሸከሙታል? የምንሄደው ዋናውን ልናይ አይደል?» ብላቸው፣ «ማን እንደሆንን በምን ያውቃሉ? መታወቂያዬ ይሄ ነው» አሉ።

ጣርማ በርን ስንወጣ መስኮቱ ሁሉ ነጭ ሆነ። አባቴ ጠጋ ብለው፣ ሌላው ተሳፋሪ እንዳይሰማቸው በሹክሹክታ፣ «ጥሩዬ፣ ጉም ነው ወይስ ዐይኔ ነው?» አሉኝ።

«ጉም ነው አባባ፤ እኔም አላይም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ጉሙ ሲገፈፍ፣ ሜዳውም ከብቱም ፍንትው ብሎ ሲታይ፣ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት። 

ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ በዳቦ ቀመስን። እኛ ጋ መኪና ሲቆም የቆሎ ሻጩ ጩኸት እንቅልፋሙን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ እዚያ ግን ሁሉም ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ዝም ብሎ ይጠጣል። ፍተሻ ባለበት ሁሉ መውረድ አለ። አባቴን ደግፌ ሳወርድ፣ ደግፌ ሳወጣ ወገቤ ተቆረጠ። ሸኖን እንዳለፍን አንዲት አህያ መንገድ ገባችና ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ሥዕሉ ከፊት ያለው ወንበር ብረት ላይ ተላትሞ መስተዋቱ ተሰበረ። አባቴ ጣታቸው ደምቷል፤ እሳቸው ግን በጋቢው ላይ እየዳበሱ «ፊታቸው ተጎዳ?» ነው የሚሉት። ከጎናችን የነበረች ሴት መሐረቧን አውጥታ ጣታቸውን አሰረችላቸው። ስሟን እንኳ ሳንጠይቃት አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ ደረስን።

ከላምበረት ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ በሦስት ታክሲ ነው የደረስነው። እኛ ጋ ሽማግሌ ደግፎ የሚሄድ ሰው ከየደጃፉ «ግቡ፣ እረፉ» ይባላል። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያሳድደው ያለ ይመስል እየሮጠ ያልፋል። ደግነቱ ጠፍቶ አይደለም፤ መቆሚያው ነው የጠፋው። በመጨረሻው ታክሲ ላይ አንድ ጎልማሳ የጋቢናውን ቦታ ለአባቴ ለቆ፣ እሱ ከኋላ ሦስት ሰው በተቀመጠበት ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ ተጠቅጥቆ ሄደ።

ያረፍነው አስካለ ቤት ነው። አስካለ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ አጥራችን አንድ ነበር። ባሏ ኦይቻ ሸማኔ ነው፣ የጋሞ ሰው። የቤታቸውን ግማሽ የሽመና ዕቃው ይዞታል፤ ሰው የሚኖረው በቀረው ነው። ያችኑ አንድ አልጋ ለእኛ ለቅቀው እነሱ ኦይቻ እግሩን አስገብቶ ከሚሸምንበት ጉድጓድ አጠገብ ፍራሽ ዘረጉ። ብለምን ብማጸን እምቢ አሉ። እራት ሽሮ ነበር። አስካለ በግ ባለማረዷ ስታፍር፣ «ሽሮ ሜዳ መጥቼ ሌላ ብበላ ማን ያምነኛል?» አልኳትና ሳቀች። የእኛ ብርድ ከጉም ጋር መጥቶ ከጉም ጋር ይሄዳል፤ የጉለሌ ብርድ ግን ከእንጦጦ ወርዶ፣ ቤት ገብቶ፣ አብሮ እራት ይበላል። አራት ጋቢ ደርበንም አልሞቀንም።

ማክሰኞ

የሰላማዊት ስልክ አይሠራም። «ዛሬ እንግዲህ ዐይናቸውን እናሳይ» ብላ አስካለ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ወዳለ የዐይን ክሊኒክ ወሰደችን። በዚያ ሰፈር ፋርማሲ ከፋርማሲ ተያይዟል፤ መንገደኛው ሁሉ ትልልቅ የራጅ ፖስታ ታቅፏል። ደብረ ሲና ላይ ታማሚ ሰው ቤቱ ይተኛና ሌላው ይጠይቀዋል። እዚህ ታማሚው ራሱ በእግሩ ይዞራል። ስንቱ ከየት አገር እንደመጣ ማን ያውቃል።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አባቴን ስታናግር በጣም እየጮኸች ነበር። ትንሽ ታገሡና፣ «የታመመው ዐይኔ ነው ልጄ፤ ጆሮዬ ደህና ነው» አሏት። ሳቀች፤ ወንበሯንም ሳብ አድርጋ ጉልበታቸው አጠገብ ተቀመጠች። ከመረመረች በኋላ ግን ሳቋ የለም።

«አባቴ፣ የሄደውን መመለስ አንችልም። ግራው አልቋል። በቀኙ ትንሽ አለ፣ እሱም ደህና ብርሃን ሲያገኝ ነው። ደብዘዝ ባለ ቦታ ምንም አይታይዎትም። ጠብታውን ሳያቋርጡ ያድርጉ።»

«እስከ ነገ ይቆያል?» አሉ አባቴ።

«ነገማ ይቆያል እንጂ!» አለችና እኔን አየችኝ። እስከ ክረምቱ ማለቂያ ይቆይ እንደሆነ ግን አልጠየቅናትም።

አንዲት ካፌ ገብተን ፓስታ አዘዝን። አባቴ ሹካውን ሲፈልጉ ጣታቸው የጎረቤት ጠረጴዛ ድረስ ሄደ። አስካለ በእጇ አጎረሰቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ጠብታው አድክሟቸው ኖሮ ጋደም አሉ። እኔ የተሰበረውን መስተዋት ለማውጣት ሥዕሉን ለኦይቻ ሰጠሁት። ሽመናውን ትቶ፣ ስብርባሪውን አንድ በአንድ በጉጠት ለቀመና ገጹን በጥንቃቄ ከፍሬሙ ሳበው። ከዚያ ቆም አለ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ከታች ታጥፏል።»

ዘረጋው። ከስድሳ ዓመት በላይ ከኋላ ተደብቆ የኖረው የሥዕሉ ግማሽ ብቅ አለ፤ ወገቡ፣ ቅልጥሙ፣ ባዶ እግሩ፣ ከግርጌውም አንድ መስመር የፈረንጅ ጽሑፍ። ኦይቻ ጽሑፉን አላየውም። እሱ የሚያየው ጨርቁን ነው። ጣቱን ሳያስነካ ከላይ ከላይ አስኬደው።

«እ... ማለቴ፣ ይሄ ሰውዬ ኩታውን ለብሶት አይደለም እኮ። አደግድጎ ነው። ይኸው፣ ከአንዱ ትከሻው አወረደ፣ ወገቡ ላይ ጠመጠመ፣ ጫፉን ሸጎጠው። ጌታው ፊት የቆመ ሰው ነው።»

ማደግደግን የማያውቅ የለም። ድግስ ላይ የሚያስተናግድ ሰው፣ ትልቅ ሰው ፊት የሚቆም አሽከር ነጠላውን እንዲያ ያስራል። ሹም ያደገደገበት ሥዕል ግን ማን ያሥላል? ጽሑፉን ወደ መብራት አስጠግቼ አነበብኩት። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት ቢሆንም ለአንድ መስመር አላነሰም፤ «ወልዴ፣ ፈረስ ጠባቂ፣ አንኮበር» ይላል። ክው አልኩ። የፈረሶች ሹም አይደለም። ፈረስ ጠባቂ።

በመጀመሪያ ያሰብኩት፣ እውነቱን እጽፋለሁ ካልኩ ዘንድ፣ አባቴን አልነበረም። ክፍል ውስጥ በባልደራስ ስም የተቆጣኋቸውን ተማሪዎች ነው፤ ፊቴ ጋለ። ከዚያ በኋላ ነው አባቴ ወደ አእምሮዬ የመጡት። ፈረንጁ አታሏቸው ይሆን? አጥፎ ሰጣቸው? ዐይናቸው ሊጠፋ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ይህን ላሳያቸው?

«ኦይቻ፣ እባክህ እንደነበረ እጠፍልኝ። አባባ እንዳይሰሙ።»

«እሺ። ግን የቆየ እጥፋት መስመሩ አይለቅም እትዬ፤ ጨርቅም ወረቀትም ያው ነው» አለና በዚያው መስመር አጠፈው። መልሶ ሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ መወርወሪያውን እንደያዘ፣ «የኔም አባት ሸማኔ ነው» አለኝ። «ድሮ ሸማኔ ሲባል ስድብ ነበር፤ ሰው አብሮን አይበላም። አሁን ትልቁ ሰው ሁሉ የኔን ጥለት ለብሶ ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል። በቃ፣ አባቴ ያው አባቴ ነው።»  ሊያጽናናኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ መጽናናት ግን አልፈለግኩም።

ረቡዕ

ዝናቡ ገና በጠዋቱ ጀመረ። ወደ ቤተ መዘክሩ የሚያወጣው ዳገት አጭር ነው ብለውን ነበር። ለእነሱ አጭር ይሆናል። አባቴ በየአሥር እርምጃው እየቆሙ፣ የታጠፈውን ሥዕል በብብታቸው ይዘው ወጡ። እኔ እሳቸውን እየደገፍኩ፣ ጉዟቸው ከንቱ እንዲቀርም አልፈልግም፤ ደርሰው እውነቱን እንዲያዩም አልፈልግም ነበር።

በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ሰላማዊት ለሥራ ገጠር ሄዳ ነገ እንደምትመለስ ነገረን። ሥዕሉን ማየት እንደመጣን ስነግረው፣ «የቱን? የፈረንጁን? ጎፈሬ ያለውን ሰውዬ?» አለና እጁን አወራጨ። «እሱማ አርፏል!»

አባቴ ደነገጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ደግሞ ተቆጡ።

«አርፈዋል በል! በዕድሜ ስንት ትውልድ ይበልጡሃል!»

«ኧረ አባባ፣ ሥዕሉን እኮ ነው...»

«ማረፋቸውን እኔ መች አጣሁት? ነፍሳቸውን ይማር። ሥዕላቸው የት አለ ነው የምልህ።»

ጥበቃው ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል፤ እኔ እሱን። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በዚያ ቤት የወረቀት ሥዕል ለጥቂት ጊዜ ይታይና ብርሃን እንዳይጎዳው ለረጅም ጊዜ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ሠራተኞቹ ይህን «አረፈ» ይሉታል። መንገድ እስኪከፈት ስንጠብቅ የባልደራስ ተራ አልፎ ነበር። ያን ሰዓት ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልደረስንም። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አባቴ ዝናብ ውስጥ ራሳቸውን ገልጠው ቆመው ሳያቸው በገዛ ደስታዬ አፈርኩ።

ስንመለስ ዝናቡ በረታና አንድ ሱቅ ደጃፍ ተጠለልን። ባለሱቁ ሰይድ ይባላል፣ የወሎ ሰው ነው። «ኧረ ይግቡ አባቴ!» ብሎ የስኳር ማዳበሪያ ላይ አስቀመጣቸው፤ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳ። ደብረ ሲናን ያውቃታል፤ ወደ አገሩ ሲሄድ ቆሎ የሚገዛባት ከተማ ናት። ከጥቅሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀ። አባቴ ይህን ጥያቄ ሲያገኙ ግማሽ ሰዓት ነው የሚያወሩት። ያን ቀን ግን ሻያቸውን እያማሰሉ ቆዩና፣ «ምንጅላቴ ናቸው» አሉ። «አንኮበር ነው ቤታቸው። ፈረስ ይጠብቁ ነበር።»

ሹም የሚለውን ዘለሉት። ደክሟቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ሰይድ ጃንጥላውን አውሶን ወረድን። የጾም ቀን ስለነበር አስካለ ጎመን ሠርታ ጠብቃናለች፤ አባቴ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ተዉት።

ሐሙስ

ሰላማዊት በር ላይ ወጥታ ተቀበለችን፤ ጎንበስ ብላ የአባቴን ጉልበት ሳመች። ገና ልጅ ሳለች ማባዛት ያስቸገራት፣ ለምሳ እኛ ቤት እያመጣኋት ከዚያ ሥዕል ሥር ቁጭ ብላ የምታነበንብ ነበረች። አለቃዋን ለምና ለአጭር ጊዜ እንድናየው አስፈቅዳለች። እየመራችን፣ አሠራሩን ለአባቴ ታስረዳለች።

«ሊቶግራፍ ይባላል አባባ። ሰዓሊው በቅባት እርሳስ ድንጋይ ላይ ይሥለዋል። ከዚያ ቀለም ይዳመጥበታል፣ ወረቀት ይጫንበታል።»

«በድንጋይ ላይ? እንደ ጽላተ ሙሴ?»

«ልክ እንደሱ። የኛን ግን የጻፈው እንግሊዝ ነው።»

አባቴ ፈገግ አሉ። በአራት ቀን ውስጥ ያየሁት የመጀመሪያው ፈገግታቸው ነው።

ክፍሉ አንድ መስኮት አለው፤ እሱም በወፍራም ጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል። ከጠረጴዛው በላይ ያለችው መብራት ደብዛዛ ናት፤ እኛ ጋ መብራት ሊሄድ ሲል እንደሚያደርገው። ሰላማዊት ጓንት አጥልቃ ሰፊ ሣጥን ከፈተች፤ ስስ ወረቀት ገለጠች። ወልዴ ብቅ አሉ።

ከመጽሔቱ ይልቅ ወጣት ናቸው። የጎፈሬያቸው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። አደግድገዋል። ባዶ እግራቸውን ናቸው። መጽሔቱ ዳሩን ቆርጦት ኖሮ እኛ ያላየነው አንድ ነገርም አለ፤ በግራ እጃቸው ልጓም ይዘዋል። ልጓሙ ከእጃቸው ወጥቶ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያልቃል፤ ፈረሱ አልተሣለም። ዕድሜ ልካችንን «ሩቅ የሚያይ ሹም» ስንለው የኖርነው ዐይን ፈረሱን ነበር የሚያየው።

አባቴ ጎንበስ አሉ። በጣም ጎንበስ አሉ፤ ሰላማዊት ትንፋሻቸው ወረቀቱን እንዳይነካው በእጇ ጋረደች።

«የት ናቸው?»

«ከፊትዎ ናቸው አባባ። እዚህ።»

አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ፣ ወደ ግራ አዘነበሉ። ቀኝ ዐይናቸውን በጣታቸው ከፈት አደረጉ።

«ጨለማ ነው» አሉ። «አይታዩኝም።»

የሐኪሟ ነገር ያኔ ትዝ አለኝ። እሳቸው ያለ ብርሃን አያዩም። ሥዕሉ ደግሞ ብርሃን ላይ አይወጣም። ሰላማዊት ወደ መጋረጃው ሄደች፤ ጫፉን ያዘች።  «ለአንድ ደቂቃ እከፍተዋለሁ» አለች። «እጠየቅበታለሁ፤ ግድ የለም። አባባ፣ ቀርበው ይጠብቁኝ።»

«ተዪው ልጄ» አሉ አባቴ።

«ለዚህ አይደል እንዴ የመጡት?»

«ይረፉ። አንዴ በእኔ ተጎድተዋል፤ ይበቃል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጥሩዬ፣ ወገባቸውን እይልኝ። አደግድገዋል አይደል?»

 «ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ፈረንጁ አንብቦልኝ ነበር፤ ፈረስ ጠባቂ ብሎ። እናትሽን ለመጠየቅ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ፣ አባቷ የማን ዘር ነው አሉ። ባልደራስ አልኩ። አንድ ቃል ነው የለወጥኩት። ከዚያ ሥዕሉን እንየው ሲሉ ጊዜ አጠፍኩት። እናትሽን ሰጡኝ። በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። አንቺ ተወለድሽ፣ ወንድሞችሽ ተወለዱ፣ ሁላችሁም ባልደራስ አላችሁ። ግማሽ ሰው አድርጌ ይኸው እስከ ዛሬ ሰቀልኳቸው።»

ተናደድኩባቸው። አልዋሽም፤ ሽማግሌ አባቴ ላይ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ልጮህባቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። «ታዲያ ለምን መጣን?» አልኩ።

«ፊታቸውን እያየሁ ይቅር በሉኝ ልል ነበር። ዘገየሁ።»

ንዴቴ ተነነ፤ አንጀቴን በሉት። እሳቸው ግን እኔን እየጠበቁ አልነበረም። ጋቢያቸውን አውልቀው ለሰላማዊት ሰጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ወገባቸው ላይ ጠመጠሙ፣ ጫፉን ሸጎጡ። ሹካ ያጣው እጅ ለዚህ አልተደናገረም። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቀጥ ብለው ቆሙ። የቆሙት ግን ወደ መደርደሪያው ዞረው ነው። ትከሻቸውን ይዤ ወደ ጠረጴዛው መለስኳቸው።

«እንዲህ ነው የቆሙት?»

«እንዲሁ ነው አባባ። ልክ እንደ እርስዎ።»

አንገታቸውን ደፉ። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፤ ልሰማም አልተጠጋሁም። ሰላማዊት ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራ ታለቅሳለች። ቆይተው ቀና ሲሉ፣ «ክደኚያቸው ልጄ» አሏት። ስስ ወረቀቱን መለሰች፣ ሣጥኑን ገጠመች።

ዓርብ

ኦይቻ ከመሄዳችን በፊት ገጹን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ካውያውን እያቀዘቀዘ እየደጋገመ ተኮሰልን። አባቴ ራሳቸው ለመኑት። አስካለ ለመንገድ ዳቦ ጋገረችልን፤ የሰይድን ጃንጥላ እንድትመልስልን አደራ አልናት። ላምበረት ላይ አውቶቡሱ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ጣርማ በር ላይ እንደ አመጣጣችን መስኮቱ ነጭ ሆነ። ጉም ነው ወይ ብለው እስኪጠይቁኝ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቁኝም።

ዛሬ አባቴ ቀንና ሌሊቱን ብቻ ነው የሚለዩት። አናጢያችን ረዘም ያለ ፍሬም ሠርቶልን ሥዕሉ ቦታው ተመልሷል፤ እስከ እግሩ፣ እስከ ጽሑፉ። እንግዳ ሲመጣ «የፈረስ ጠባቂው የወልዴ ልጅ ነኝ» ይላሉ። አንዳንዱ ጃጁ ብሎ ይስቃል። ታናሽ ወንድሜ አዋረዳችሁን ብሎ ከኮረፈ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ደውዬ ደውዬ አያነሣም። አባቴ ግን ሰው በገባ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

«ጥሩዬ፣ ሙሉ ናቸው? እስከ እግራቸው ይታያሉ?»

«ይታያሉ አባባ» እላቸዋለሁ።

እውነቴን ነው፤ ይታያሉ። የእጥፋቱ መስመር ግን አልለቀቀም፤ ከደረታቸው ሥር ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ቀርቷል። እሱን አልነገርኳቸውም።